አኳሪየም ለጀማሪ፦ መብራትና ውሃ በሚጠፋበት ቤት የቱ ከየቱ ይሻላል?

አዲስ አበባ ሆኖ አኳሪየም ለመጀመር ያሰበ ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚያገኘው ምክር አብዛኛው መብራት ለማይጠፋበት፣ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ውሃ ለሚመጣበት ቤት የተጻፈ ነው። እዛ የትኛው ፊልተር ይሻላል ሲባል የሚወራው ስለ ድምጹ ስለ መልኩ ምናምን ነው፣ እኛ ጋ ግን ዋናው ጥያቄ መብራት ማታ 2 ሰዓት ሄዶ ሊነጋጋ ሲል ቢመጣ አሳዎቹ በህይወት ይቆያሉ ወይ የሚለው ነው። ስለዚ ከዚ በታች ያሉትን ሁሉ ያወዳደርኩት በአንድ ነገር ነው፣ የሆነ ነገር ቀጥ ሲል የቱ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጠናል? ዋጋና ውበት ከዛ በኋላ ይምጡ።

ትንሿ ክብ ወይስ ባለ 60 ሊትር

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ አይናችሁ የሚያርፈው ክቧ ላይ ነው፣ ታምራለች፣ ርካሽ ናት፣ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፣ ለልጅ ልደትም ብዙ ሰው የሚገዛው እሷን ነው። 5 ሊትር ውሃ ውስጥ ግን የአንድ አሳ ቆሻሻ ቶሎ ይከማቻል፣ ማታ ሲበርድ ውሃው ከክፍሉ ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል፣ አፏ ጠባብ ስለሆነ ደሞ አየር የሚገባው በትንሹ ነው፣ ሂተርም ፊልተርም በደንብ አይገባባትም። ለጀማሪ ቀላል ትመስላለች እንጂ ከሁሉም ከባዷ እሷ ናት፣ አንዲት ስህተት አትችልም።

60 በ30 በ36 ሳንቲም የሆነ መስታወት ግን 60 ሊትር ገደማ ይይዛል። መብራት ሲጠፋ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ አንድ ቀን ምግብ ቢበዛ ወይ አንድ አሳ ሞቶ ሳታዩት ቢያድር ቆሻሻው ብዙ ውሃ ውስጥ ስለሚበተን ሌሎቹን ወዲያው አይጨርስም። ለጀማሪ ከ60 እስከ 100 ሊትር ልኩ ነው ባይ ነኝ። ከዛ በላይ ለአሳው ጥሩ ቢሆንም ለናንተ ሌላ ጣጣ አለው፣ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፣ 1 ሜትር በ40 በ40 የሆነው ከነጠጠሩ ከነመስታወቱ ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል፣ የቲቪ ማስቀመጫ አይችለውም፣ ብረት በያጅ ጋ ሄዶ መቆሚያ ማሰራት ሊኖርባችሁ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደሞ በየሳምንቱ የሚቀየረው 40 ሊትር ከየት ይመጣል የሚለውን አስቡት።

ተሰርቶ የመጣ መግዛት ወይስ መስታወት ቤት ማሰራት? እኔ ማሰራቱን እመርጣለሁ፣ በፈለጋችሁት ልክ ይሰራላችኋል፣ ለ60 ሊትሩ 6 ሚሊ መስታወት ይበቃዋል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ሲሊኮኑ ላይ ነው። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ሻጋታ እንዳይዘው ተብሎ መድሃኒት የሚጨመርበት አለ፣ እሱ አሳ ይገድላል፣ ስለዚ ለአኳሪየም ተብሎ የተጻፈበትን ራሳችሁ ገዝታችሁ ስጧቸው። ከተሰራ በኋላ አንድ ሳምንት ይድረቅ፣ ከዛ በረንዳ ላይ ውሃ ሞልታችሁ ሁለት ቀን ተዉት፣ የሚያፈስ ከሆነ ሳሎን ከሚያፈስ እዛው ይታወቅ።

ፊልተር፦ ርካሹ የሚያሸንፍበት ቦታ

እዚ ላይ ረዘም ላርገው ምክንያቱም ብዙ ብር የሚባክነውም ብዙ አሳ የሚያልቀውም እዚ ጋ ነው።

ፊልተር ሲባል ብዙ ሰው ቆሻሻ የሚለቅም ነገር ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ስራው ሌላ ነው። አሳ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያ መርዝ ነው፣ ፊልተሩ ላይ የሚባዙ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፣ ናይትራይትም መርዝ ነው፣ ከዛ ሌሎች ባክቴሪያዎች እሱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፣ ናይትሬት እስካልበዛ ድረስ አይጎዳም፣ በየሳምንቱ ውሃ ስንቀይር የምናወጣው እሱን ነው። እነዚ ባክቴሪያዎች ህይወት ያላቸው ናቸውና ኦክስጅን ይፈልጋሉ፣ መብራት ሲጠፋ የሚታፈኑት አሳዎቹ ብቻ አይደሉም ማለት ነው።

በዚ ሚዛን እንያቸው። ካኒስተር የሚባለው ከስር ካቢኔ ውስጥ የሚቀመጠው በጣም ጎበዝ ነው፣ ግን ዝግ እቃ ነው፣ ለሰዓታት ከቆመ ውስጡ ያለው ኦክስጅን አልቆ ባክቴሪያው ሊሞት ይችላል፣ መብራት ሲመጣ ደሞ ያንን የሸተተ ውሃ መልሶ አሳዎቹ ላይ ይለቀዋል። ካኒስተር ያለው ሰው መብራት ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ ከፍቶ ሳያለቀልቅ ባያስነሳው ይሻለዋል፣ ሌሊት ተኝታችሁ መብራት ቢመጣስ? እሱ ነው ችግሩ። ጀርባ ላይ የሚንጠለጠለው አይነት ርካሽና ለማጽዳት ቀላል ነው፣ ግን አንዳንዱ መብራት ሲመለስ ራሱን አያስነሳም፣ ውሃው ወርዶበት ሞተሩ በደረቁ ሲዞር ይቃጠላል። ውስጥ የሚገባው ባለሞተር እዚ ጋ የተሻለ ነው፣ ሁሌም ውሃ ውስጥ ስለሆነ ራሱ ይነሳል፣ ለቤታ አይነት ክንፈ ረጅም አሳ ግን ግፊቱ ይበዛበታል።

ስፖንጅ ፊልተር ከሁሉም ርካሹ ነው፣ መልኩም አያምርም፣ ጥግ ላይ የቆመ ጥቁር ስፖንጅ ነው በቃ። ኤር ፓምፕ አየር በቀጭን ቱቦ ይልካል፣ አረፋው በመሃሉ ወደ ላይ ሲወጣ ውሃውን በስፖንጁ ውስጥ እየሳበ ያሳልፈዋል። ሞተር ውሃ ውስጥ የለም፣ የሚቃጠል ነገር የለም። መብራት ሲጠፋ ስፖንጁ ክፍት ውሃ መሃል ስለሆነ ባክቴሪያው ቶሎ አይታፈንም፣ ከሁሉም በላይ ደሞ በዩኤስቢ የሚሰራ ትንሽ ኤር ፓምፕ ገዝታችሁ በፓወር ባንክ ማስነሳት ትችላላችሁ፣ የሚበላው ሀይል በጣም ትንሽ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሊሄድ ይችላል። ካኒስተርን በፓወር ባንክ ማስኬድ አይታሰብም።

አንድ ነገር ደሞ አለ፣ ስለ አዲስ አበባ ሲሆን ማንም የማያነሳው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ምናምን ላይ ናት፣ የአየር ግፊቱ ወደ ሩብ ያህል ያንሳል፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም አብሮ ያንሳል። 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ ባህር ጠለል ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን የሚይዝ ከሆነ እዚ 6 ገደማ ነው የሚይዘው። ስለዚ ውጪ ያሉ ሰዎች ለ60 ሊትር 20 አሳ ይበቃል ሲሉ እናንተ 12 በሉት፣ የውሃው ፊትም ሁሌ የሚንቀሳቀስ ይሁን። ጠዋት ስትነሱ አሳዎቹ በሙሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ውሃው ፊት ላይ እየከፈቱ እየዘጉ ካገኛችኋቸው ርቧቸው አይደለም፣ አየር አጥሯቸው ነው፣ ምግብ እንዳትጨምሩ፣ በጆግ ውሃውን እየቀዳችሁ ከፍ አርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ብታረጉት ለውጡን ታያላችሁ።

ስፖንጅ ከመረጣችሁ ሁለት ነገር። ኤር ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ አስቀምጡት፣ መሬት ላይ ካለ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ወርዶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፣ ቦታ ከሌለ ወደ ኋላ የማያስመልስ ትንሽ ቫልቭ ቱቦው ላይ ይገባለታል። ሁለተኛው ፓምፑ የሚልከው የክፍሉን አየር ነው፣ ቤት ውስጥ ፍሊት የሚነፋ ሰው ካለ የፍሊቱ መርዝ ቀጥታ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ለሰው ቀላል የሆነ መጠን አሳን ይጨርሳል። ፍሊት የግድ ከሆነ ፓምፑን አጥፉ፣ ላዩን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ክፍሉ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ክፈቱ።

ማጽዳቱ ላይ ደሞ ስፖንጁን ቧንቧ ስር አትጠቡት፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይጎዳዋል። ውሃ በምትቀይሩበት ቀን ከአኳሪየሙ የወጣው ውሃ ባልዲ ውስጥ አለ አይደል፣ እዛው ውስጥ ሶስት አራቴ ጭመቁት፣ ቡኒ ጭቃ መሳይ ነገር ይወጣል፣ ንጹህ እስኪሆን አትሽቀዳደሙ፣ ትንሽ ቆሻሻ ቢቀርበት ይሻላል። ሳሙናና በረኪና በጭራሽ።

ሂተር ያስፈልጋል አያስፈልግም

ይሄ የሚኖሩበት ከተማ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ህዳርና ታህሳስ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቤት ውስጥም ውሃው 17፣ 18 ላይ ይቆያል፣ ትሮፒካል የሚባሉት አሳዎች አብዛኞቹ የሚፈልጉት ከ24 እስከ 27 ነው። ድሬዳዋ ወይ ጋምቤላ ወይ ሰመራ ላለ ሰው ሂተር ብር ማባከን ነው፣ እዛ ችግሩ ሙቀቱ ነው፣ ክዳኑን ከፍቶ ትንሽ ቬንትሌተር ውሃው ፊት ላይ ማዞር ነው የሚጠቅመው።

አዲስ አበባ ላይ ሁለት መንገድ አለ፣ ወይ ሂተር ገዝቶ የሙቀት አሳ መያዝ፣ ወይ ሂተሩን ትቶ ቀዝቃዛ የሚችል አሳ መምረጥ። ሁለተኛው የሰነፍ መንገድ አይደለም፣ መብራት በጣም በሚቆራረጥበት ሰፈር እንዳውም የተሻለው እሱ ነው፣ ለአሳ ውሃው 19 ሆኖ ከመቆየቱ ይልቅ ዛሬ 26 ነገ 18 መሆኑ ነው የሚከፋው። ሰውነቱ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ የሚወጣው በሽታ ብዙ ጊዜ ከእንደዚ አይነት መቀዝቀዝ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሂተር ከገዛችሁ በሊትር 1 ዋት ብላችሁ አስሉ፣ ለ60 ሊትር ባለ 50 ወይ ባለ 75 ዋት። ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ አምጡልኝ ከማለታችሁ በፊት የእነሱ 120 ቮልት መሆኑን አስቡ፣ እዚ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ከአውሮፓ የሚመጣው ቀጥታ ይሰራል፣ ከዱባይ የሚመጣውም ይሰራል ግን ሶስት ጥርስ ሶኬቱ ማዞሪያ ይፈልጋል። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ቮልቴጅ ሂተሩን ስለሚጎዳው ፍሪጅ ላይ የምታረጉትን አይነት መከላከያ አርጉለት። ውሃ ስትቀይሩ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት፣ ውሃው ወርዶ በደረቁ ከጋለ መስታወቱ ይሰነጠቃል። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊትም ሁሉንም ንቀሉ፣ ገመዶቹም ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ይንጠልጠሉ ጠብታ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። መብራት ሲጠፋ ደሞ መስታወቱን በብርድ ልብስ ወይ በጋቢ ሸፍኑት፣ አየር እንዲገባ ላዩን ትንሽ ክፍት ተዉለት።

የቧንቧ፣ የሮቶ ወይስ የታሸገ ውሃ

የታሸገ ውሃ ርሱት፣ ውድ ነው፣ ከቧንቧው የተሻለ አይደለም። ቧንቧው ውስጥ ያለው ዋናው ችግር ክሎሪኑ ነው፣ እሱን ደሞ ወይ ማጥፊያ ጠብታ ገዝታችሁ ወዲያው ታጠፉታላችሁ ወይ በአፈ ሰፊ ባልዲ 24 ሰዓት ክፍት አርጋችሁ ታሳድሩታላችሁ። ሁለቱን ሳወዳድር ጠብታው ይሻላል፣ ምክንያቱም አስቸኳይ ነገር ሲመጣ ነገን መጠበቅ አይቻልም፣ ጠብታ ካላገኛችሁ ግን ሁሌ አንድ ሁለት ጀሪካን አፉን ከፍታችሁ ማስቀመጥ ልመዱ። ሮቶ ያላችሁ ሰዎች ሮቶው ውስጥ ቀናት የቆየ ውሃ ክሎሪኑ በጣም ይቀንሳል፣ ትላንት የተሞላ ከሆነ ግን አትመኑት።

ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓድ የሚመጣው ውሃ አንድ አይደለም፣ የጉድጓዱ ጠንከር ይላል፣ ኖራው ይበዛል ማለት ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ቶሎ ቶሎ የሚጋገር ከሆነ ውሃችሁ ጠንካራ ነው፣ ጋፒና ሞሊ የሚባሉት አሳዎች ይወዱታል፣ ኒዮን ቴትራ ለሚባለው አሳ ግን አይመችም። ድሬዳዋ ያላችሁ የውሃችሁን ኖራ ታውቁታላችሁ፣ ጋፒና ሞሊ ላይ ሂዱ።

በሳምንት ከ20 እስከ 30 በመቶ ቀይሩ፣ በጭራሽ ሁሉንም አታውጡ። በወር አንዴ ሁሉንም አውጥቶ፣ ጠጠሩን አጥቦ እንደ አዲስ የሚሞላ ሰው ብዙ ነው፣ አሳዎቹ ከዛ በሁለት ሶስት ቀን ማለቅ የሚጀምሩት ባክቴሪያው አብሮ ስለታጠበ ነው።

የትኛውን አሳ

ጎልድፊሽ ሁሉም የሚጀምርበት ነው፣ ግን ትሮፒካል አይደለም። ቅዝቃዜ ስለሚችል ለአዲስ አበባ የሚሆን ይመስላል፣ ችግሩ መጠኑ ነው፣ በደንብ ከተያዘ 15፣ 20 ሳንቲም ይደርሳል፣ ከ10 አመት በላይም ይኖራል፣ ቆሻሻውም ብዙ ነው። ቤታችሁ ትልቅ ገንዳ ካለ ይሁን፣ ለ60 ሊትር ግን አይሆንም። ኦስካርም እንደዛው፣ ሱቅ ውስጥ ጣት የምታክለው በአመት ውስጥ 25 ሳንቲም ትሆንና ጎረቤቶቿን በሙሉ ትውጣለች። ከወንዝ የተያዘ ቆሮሶና አምባዛም ብዙ ልጅ ይሞክራል፣ አምባዛ ከሜትር በላይ የሚሆን አሳ ነው፣ ይቅር።

ቤታ ቆንጆ ነው፣ ከደቡብ ምስራቅ እስያ የመጣ ነው፣ እንደ ሰው ላይ ወጥቶ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው መብራት ጠፍቶ ኦክስጅን ሲያጥር ከሁሉም በኋላ የሚጨነቀው እሱ ነው። ቅዝቃዜ ግን አይችልም፣ ያለ ሂተር አዲስ አበባ ላይ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ ምግብ ይተዋል። ሁለት ወንድ አንድ ላይ አይቀመጡም፣ እስከ ሞት ይጣላሉ።

ዜብራ ዳኒዮ የቤታ ተቃራኒ ነው፣ ከ18 እስከ 25 ይስማማዋል፣ ግን ቀኑን ሙሉ የሚሯሯጥ ስለሆነ ኦክስጅን ይፈልጋል። ዋይት ክላውድ የሚባለው ከቻይና የመጣ ትንሽዬ አሳ ካገኛችሁ ሂተር ለሌለው ቤት ከሱ የሚበልጥ አላውቅም፣ ከ16 እስከ 22 ይመቸዋል። ሁለቱም ቢያንስ ስድስት ሆነው ነው የሚያዙት፣ ብቻቸውን ይፈራሉ።

ጋፒና ፕላቲ መሃል ላይ ናቸው፣ ሂተር ባለው ቤት ለጀማሪ የኔ ምርጫ እነሱ ናቸው። መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ ይችላሉ፣ ጠንካራ ውሃ ይወዳሉ፣ ልጆች ያሉበት ቤት ደሞ ሲወልዱ ማየት ትልቅ ደስታ ነው። ወንድና ሴት ከቀላቀላችሁ ግን በየወሩ ገደማ ይወልዳሉ፣ ሴቷ ብቻዋን ብትገዛም አርግዛ ልትመጣ ትችላለች። መብዛት የማትፈልጉ ከሆነ ስድስት ሰባት ወንዶች ብቻ ያዙ፣ ቀለሙም ያለው እነሱ ላይ ነው። ኒዮን ቴትራን አዲስ አኳሪየም ላይ አትሞክሩት፣ ሁለት ሶስት ወር ካለፈ በኋላ ይግባ።

መጀመሪያ አሳ ወይስ መጀመሪያ መጠበቅ

አዲስ አኳሪየም ላይ ፊልተሩ ላይ ያለው ባክቴሪያ እስኪባዛ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዛም ይረዝማል። አንዱ መንገድ አሳ ሳያስገቡ በየቀኑ ቁንጥር የአሳ ምግብ እየጣሉ መጠበቅ ነው፣ ለአሳው ጥሩ ነው፣ ግን ቴስት ኪት (የውሃውን አሞኒያና ናይትራይት መለኪያ) ከሌለ ባክቴሪያው መቼ እንደበቃ ማወቅ ይከብዳል። ሌላው ሁለት ሶስት ጠንካራ አሳ አስገብቶ በየሁለት ቀኑ ሩቡን ውሃ እየቀየሩ በጣም ትንሽ እየመገቡ መሄድ ነው፣ ስራ ይበዛዋል፣ አሳውም ይጎዳል።

ከሁለቱም የሚበልጠው ሶስተኛው ነው። ጤነኛ አኳሪየም ያለው ጓደኛ ወይ ሱቅ ፈልጉና ያረጀ ስፖንጁን ጠይቁት፣ ሊጥ ሲቦካ እርሾ ከጎረቤት እንደሚለመነው ማለት ነው። በራሱ ውሃ ርጥብ እንዳለ በፌስታል ይዛችሁ ወዲያው ወደ ቤት፣ ያኑ ቀን አሳ ይግባ፣ ካደረ ግን ባክቴሪያው ይርበዋል። እንዲም ሆኖ አሳውን በሁለት ዙር አስገቡ፣ ግማሹን አሁን ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ። አሳዎቹ የታመሙበት ቤት ግን ስፖንጅ አትቀበሉ፣ በሽታውም አብሮ ይመጣል።

ተክል፣ ድንጋይ፣ ምግብ

እውነተኛ ተክል ከፕላስቲክ ይሻላል፣ አሞኒያውን ይመገባል፣ ቀን ቀን ኦክስጅን ይሰጣል። አኑቢያስ የሚባለው ከምእራብና መካከለኛው አፍሪካ የመጣው ብዙ ብርሃን አይፈልግም፣ ድንጋይ ላይ በክር ታስራላችሁ በቃ። የአኳሪየሙ መብራት በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አይብራ፣ መስኮት አጠገብም አታስቀምጡት፣ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ድንጋይ ከውጪ ስታመጡ አቸቶ ጠብ አርጉበት፣ አረፋ ካወጣ ኖራ አለው ውሃውን ያጠነክራል፣ ለጋፒ ይሁን ለሌላው ተዉት። ስኮሪያ የሚባለው ቀዳዳ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጥሩ ነው፣ ሹል ሹሉን ብቻ ለዩት።

ምግብ በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል። ዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪ አይሰጥም፣ ውሃውን ያበላሸዋል። ለፋሲካ ወይ ለገና አገር ቤት ስትሄዱ አምስት ቀን ያለ ምግብ ይቆያሉ፣ ጤነኛ ትልቅ አሳ ምንም አይሆንም፣ የጎረቤት ልጅ መግቢ ተብላ ግማሽ ጣሳ ከምትደፋባቸው ጾማቸውን ቢያድሩ ይሻላል። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን ውሃ ቀይሩ፣ ፓወር ባንኩ መሙላቱን እዩ፣ ቁልፍ ለምትተዉለት ሰው ደሞ መብራት ከሄደ የቱን ገመድ የት እንደሚሰካ አሳዩት።

የተረፋችሁ የጋፒ ልጅ ካለ ለሰው ስጡ ወይ ሱቅ መልሱ፣ ወንዝም ሆነ የቢሾፍቱ ሀይቅ ላይ አትልቀቁ። ተክሉንም ስትከረክሙ አድርቃችሁ ነው የምትጥሉት፣ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ ሌላ አገር ለጌጥ የሚተከል ነው።